ዲግሪዬ ላይ ባዮሎጂ የሚል ቃል ስለሌለ የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል አይቀጥረኝም?

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። የምጽፈው ከባህር ዳር ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን በዓሣና የውሃ ሀብት ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የመመረቂያ ሥራዬን የሠራሁት ጣና ላይ፣ ጉማራ ወንዝ ሐይቁን በሚቀላቀልበት ቦታ ነው። ነጭ ዓሣ ክረምት ላይ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ወንዝ ሲወጣ ከአሥጋሪዎቹ ጋር አብሬ እወጣ ነበር። መዘንኩ፣ ለካሁ፣ ሆዱን ከፍቼ እንቁላል ቆጠርኩ። እጄ ላይ ያለው የዓሣ ሽታ እስከ ጥቅምት አልለቀቀኝም።

ባለፈው ወር ከባህር ዳር ብዙም የማይርቅ አንድ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ መምህር እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። የሚያስፈልገው ሰው የዓሣ ባዮሎጂና የሐይቅ ሥነ ምህዳር የሚያስተምር መሆኑን ከአንድ የግቢው መምህር ሰማሁ። ደስ አለኝ። ስቱደንት ኮፒዬንና ቴምፖራሪዬን ይዤ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደረስኩ። መዝጋቢዋ ወረቀቴን ሁለቴ አገላብጣ መለሰችልኝ። ማስታወቂያው የሚጠይቀው ሁለተኛ ዲግሪ በባዮሎጂ ነው፤ የኔ ዲግሪ ላይ ባዮሎጂ የሚል ቃል የለም። ፈተናው ጋ እንኳ አልደረስኩም።

እኔ እንደሚመስለኝ ትምህርት ክፍሎቻችን የሚቀጥሩት የወረቀት ስም ነው። ሐይቁ ደጃፋችን ላይ ተኝቶ ሐይቁን የሚያውቅ ሰው ከበር ይመለሳል። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ። መንገድ የሚያውቅ ካለ ደግሞ ያሳየኝ።

ክሩ (የመልሶቹ ሰንሰለት) እየረዘመ ስለሄደ፣ ዘግይተው ለሚመጡ ብዬ መልሶቹን በቁጥራቸው እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። በራሴ አነጋገር ነው የጻፍኩት። የማንም ስም የለበትም።

መልስ 1 የመጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። ጸሐፊው ዕድሜያቸውን በዩኒቨርሲቲ መምህርነት ያሳለፉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ አጽናኑኝ፤ ቀጥለው መዝጋቢዋን እንዳልቀየማት ለመኑኝ። እሷ ማስታወቂያው ላይ ካለው ቃል ወጥታ ብትመዘግበኝ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ቅሬታ ያስገባል፣ ቅጥሩም ሊሰረዝ ይችላል። ስህተቱ የሚፈጠረው ከዚያ በፊት ነው ባይ ናቸው። ትምህርት ክፍሉ የሰው ኃይል ጥያቄ ሲልክ ባዮሎጂ ወይም ተዛማጅ ሙያ ብሎ ካልጻፈ፣ የሰው ሀብት ክፍሉ ያንን ቃል ከኪሱ አውጥቶ አይጨምርም። ለኔ የሰጡኝ መላ አንድ ደብዳቤ ነው። የተማርኩበት ትምህርት ክፍል የወሰድኳቸውን ኮርሶች ከባዮሎጂ ኮርሶች ጎን አሰልፎ፣ ሙያው ተዛማጅ መሆኑን ገልጾ፣ ማኅተም አድርጎ ይስጠኝ። ደብዳቤው ግን ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት እጄ መግባት አለበት፤ ከወጣ በኋላ ደብዳቤ ማሯሯጥ ስጀምር የምዝገባው ቀን ያልቃል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

መልስ 2 የአንድ ወጣት ነው። ከኔ የባሰ እንዳለ ሊነግረኝ ፈልጓል። የመጀመሪያ ዲግሪውን በባዮሎጂ በማዕረግ ጨርሷል፣ መውጫ ፈተናውንም አልፏል። ከሱ በፊት የነበሩ ባለማዕረጎች በረዳት ምሩቅነት ተይዘው ግቢ ይቀሩ ነበር። እሱ ሲመረቅ የቀረ የለም። ምክንያቱን ያደረገው የተማሪ መጥፋትን ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው ያለፉት 3.3 በመቶ ናቸው። ክፍሉ ባዶ ከሆነ ማን መምህር ይቀጥራል ብሎ ነው የዘጋው።

መልስ 3 ይህንን አረመች። ጸሐፊዋ መምህርት ነች፣ በትህትና ነው የጻፈችው። ቁጥሩ እውነት ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ። ግን በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ደግሞም ካላለፉት የተወሰኑት በሬሜዲያል (በማካካሻ ትምህርት) ይገባሉ፤ የተፈጥሮ ሳይንሶቹ እዚያም ባዮሎጂ ይማራሉ። ስለዚህ መምህሩ ሎድ (የማስተማር ሥራ) የለውም ማለት አይቻልም። የጠፋው አዲስ የሥራ መደብ ነው። ያለው ሰው ተሸክሞት ይውላል እንጂ አዲስ ሰው አይጠየቅም።

እሷ ሌላም ነገር አነሳች። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተለዩት 8 ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ክብደቱ ወደ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ስለሚሄድ ቦታ ሲገኝ ቅድሚያ የሚፈለገው ዶክትሬት ያለው ሰው ነው። በሁለተኛ ዲግሪ ለሚጀምር ሰው የተሻለው ደብረ ታቦርን፣ እንጅባራን፣ ደባርቅን፣ መቅደላ አምባን መሞከር ነው። ባህር ዳርን ብቻ ሙጥኝ ማለቴን አልወደደችውም። ልክ ናት። እናቴ ብቻዋን ስለሆነች ነው እንጂ እኔም መሄዱን አልጠላሁትም ነበር።

መልስ 4 ላይ ክሩ መልኩን ቀየረ። የጻፈው የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ነው፣ 11 ዓመት የሠራ። ቅሬታው በሁላችንም ላይ ነው። ስለ መምህርነት ስናለቅስ የሱን የሥራ መደብ አንድ ሰው እንኳ አልጠራም። ማክሰኞ ጠዋት ተግባራዊ ትምህርት ካለ የሱ ሥራ ሰኞ ከሰዓት ይጀምራል። አጋሩን (ረቂቅ ነፍሳት የሚያድጉበትን የሚረጋ ምግብ) ይመዝናል፣ በውሃ ይበጠብጣል፣ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድል ማሽን) ውስጥ በ121 ዲግሪ 15 ደቂቃ ያቆየዋል። ከዚያ ብልቃጡን ጉንጩ ላይ ያስጠጋዋል። ጉንጩ ከቻለው ለማፍሰስ ደርሷል ማለት ነው። ብዙ ከቆየ ብልቃጡ ውስጥ ይረጋበታል። አውቶክሌቩ እየሠራ መብራት ከሄደ ደግሞ ሁሉም ከሀ ይጀመራል። ማለዳ መምህሩ ይመጣል፣ የተዘጋጀውን ሳህን ያነሳል፣ አመሰግናለሁም ሳይል ይወጣል። ማይክሮስኮፑን በዘይት ሌንሱ አይተውበት ሳያጸዱ ጥለውት የሚሄዱትንም አልማረም።

ከዚያ ወደ ኔ ዞረ። ቴክኒሻን ብትባይ ያሳፍርሻል ወይ የሚል ነው ነገሩ። የሱ ግቢ ሁለት ጊዜ ማስታወቂያ አውጥቶ በቂ አመልካች አላገኘም፤ የዲግሪ ስሙም እንደ መምህርነቱ አይጠብቅም። እሱ ራሱ በዚያው ሥራ ላይ እያለ ሁለተኛ ዲግሪውን ጨርሷል። አያሳፍረኝም። እውነቱን ለመናገር ግን አስቤው አላውቅም ነበር፤ አለማሰቤ ራሱ እሱ ያለውን ነገር ያሳያል።

መልስ 5 ጠቃሚ ነው፣ ዕልባት አድርጉት። የጻፈችው በምርምር ሥራ ላይ ያለች እህት ነች። እዚሁ ባህር ዳር፣ በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር፣ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል እያለ ለምን የዩኒቨርሲቲ በር ላይ ብቻ እንደምቆም ገርሟታል። እኔን ከዩኒቨርሲቲ ያስመለሰኝ የዲግሪ ስም እዚያ የሚፈለገው ስም ነው። መደቡ ጥቂት ነው፣ በጀትም ይወስነዋል፤ ሲከፈት ግን ተወዳዳሪውም ጥቂት ነው። ለዕጽዋት፣ ለእንስሳትና ለማይክሮባዮሎጂ ሰዎች ደግሞ አዴት፣ አንዳሳና የወረታው የፎገራ ሩዝ ምርምር ማዕከል አሉ። ማስታወቂያ በቴሌግራም ብቻ የምንጠብቅ ሰዎች እንደሚያመልጠን አስጠነቀቀች፤ በኩር ጋዜጣን ማየትና የግቢ በር ላይ ያለውን ሰሌዳ ሄዶ ማንበብ ያስፈልጋል። ሥራው ከወንበር ይልቅ ጀልባ ላይ እንደሚበዛም ነገረችኝ። እኔ እዚህ ጋ ፈገግ አልኩ።

መልስ 6 መራር ነው። ይህ ሁሉ ምክር ከንቱ እንደሆነ፣ ቦታው ሁሉ ቀድሞ የተያዘ እንደሆነ፣ ማስታወቂያው ለወጉ እንደሚለጠፍ ነው የሚያምነው። የራሱን አመጣ። በጽሑፍ ፈተና አንደኛ ወጣ፣ በቃለ መጠይቁ ወደ ሦስተኛ ወረደ። የተቀጠረው ሰው የማን ዘመድ እንደሆነ ጽፎ ነበር፣ ትምህርት ክፍሉንም ጠርቶ። ያንን ክፍል አስተዳዳሪው አንስቶታል፣ እኔም አልደግመውም።

መልስ 7 የመጣው በ10 ደቂቃ ውስጥ ነው፣ ተቆጥቶ። በምልመላ ኮሚቴ ሦስት ጊዜ የተቀመጠ ሰው ነው። ስማቸው የማይታወቅ ሰዎችን በጅምላ ሌባ ማለት ነውር እንደሆነ በቀጥታ ተናገረ። የፈተና ወረቀቱ የሚታረመው በስም ሳይሆን በኮድ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው በዴሞ ትምህርቱ ላይ ነው። ርዕስ ይሰጣቸዋል፣ 20 ደቂቃ ያስተምራሉ። አብዛኞቹ ጀርባቸውን ለክፍሉ ሰጥተው ስላይዱን ያነባሉ። አንዴ ግን አንዲት ልጅ መብራት ጠፍቶባት፣ ላፕቶፑን ዘግታ፣ በጠመኔ የኩላሊትን ማጣሪያ ቱቦ ከላይ እስከ ታች ሣለች። እየሣለች ጨው የት እንደሚወጣ፣ ውሃ የት እንደሚመለስ ጠየቀቻቸው። ኮሚቴው እንደ ተማሪ ሲመልስ ነበር። እሷ ናት የተቀጠረችው። ያቺ ልጅ በዚያ ከተማ አንድ ዘመድ እንዳልነበራት ሁለት ጊዜ ጻፈው።

መልስ 8 ስድስተኛው ራሱ ነው፤ የባሰ ተቆጥቷል። አንዲት ልጅ በጠመኔ ስለሣለች የሱ ውጤት እንዴት እንደ ወረደ አልተመለሰለትም። ቀጥሎ የሰባተኛውን አስተዳደግ የሚነካ ነገር አከለ። መልስ 9 የአስተዳዳሪው ማስጠንቀቂያ ነው። ከማስጠንቀቂያው ጋር ግን ቁም ነገር ነበረው። ተወዳዳሪ ውጤቱን በጽሑፍ፣ በቃለ መጠይቅና በዴሞ ተከፋፍሎ እንዲሰጠው በደብዳቤ ይጠይቅ፣ ደብዳቤውንም መዝገብ ቤት አስገብቶ ቁጥር ይያዝ። በቃል የተነገረ ቅሬታ ቅሬታ አይደለም።

እኔ ሁለቱንም አምናለሁ። የስድስተኛው ቁስል እውነት ነው። አንደኛ ወጥቶ ያለ ማብራሪያ መውረድ ሰውን ለዓመታት ያሳምማል። የሰባተኛው ልጅም እውነት ናት። ግን ውጤቱ ተከፋፍሎ ቢለጠፍ ኖሮ እነዚህ ሁለት ሰዎች ባልተሰዳደቡ ነበር።

መልስ 10 እና 11 ከርዕሱ ወጡ። አንዱ የዓሣ ነገር ከተነሳ አይቀር ትኩስ ቆሮሶ የት እንደሚገኝ ጠየቀ፤ ሌላው በጾም ሰሞን ዋጋው እንዴት እንደሚሰቀል አወራ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ወደሚለው ሊገቡ ሲሉ መልስ 12 እምቦጭን አመጣ፤ እሱም ቢሆን መለስ ያደረገን መስሎት ነው። እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የተማሪው ሁሉ ጥናት እምቦጭ ሆኗል ብሎ ተማረረ። ገንዘብ የሚገኘው እዚያ ስለሆነ ነው። ዓሣውን፣ ደንገሉን፣ ወፉን የሚያጠና ጠፋ። ትንሽ አጋኗል ብዬ አስባለሁ። እምቦጭ በእጁ የነቀለ የፎገራ ገበሬ ጥናቱ በዛ የሚል አይመስለኝም።

መልስ 13 ግን ይህንን ጫፍ ይዘው የጻፉ አባት ናቸው፤ ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት የሳቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሆላንድ ተመራማሪዎች ጣና ላይ ሲሠሩ በረዳትነት ጀልባ ላይ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ነው አሥጋሪው በጥቅሉ ነጭ ዓሣ የሚለው 15 ያህል የተለያየ ዝርያ መሆኑ የተለየው። ከነሱ 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። ይህ የሚያስገርመው የዚህ ቤተሰብ ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ስለሌላቸው ነው። እንዲህ ያለ የዚሁ ቤተሰብ ዓሦች ስብስብ ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ ሐይቅ ላይም ነበር፣ እሱ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። የቀረው የኛው ነው።

እንዴት ይለዩ እንደነበር ጻፉ። ዓሣውን ጣውላ ላይ በጎኑ ያስተኛሉ፣ ራሱን ወደ ግራ። አፉ ወደ ላይ ይከፈታል፣ ወደ ፊት ወይስ ወደ ታች? ከንፈሩ ወፍራም ነው? ግንባሩ ላይ ጉብታ አለ? ጢሙ የት ይደርሳል? ከዚያ በጎኑ መስመር ያለውን ቅርፊት በመርፌ ጫፍ እየነኩ ይቆጥራሉ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም አንድ ይመስላቸው ነበር። በሦስተኛው ወር ከሩቅ ያውቁት ጀመር፣ ልክ እረኛ ከብቱን እንደሚያውቅ። በዚያው ዘመን መረቡ በዛ። ሊራባ ወደ ወንዝ የሚወጣው ዓሣ የወንዙ አፍ ላይ ይጠበቃል። በ10 ዓመት ውስጥ በደቡቡ የሐይቁ ክፍል ነጭ ዓሣ ሦስት አራተኛው መቀነሱን ከነዚያው ሰዎች ጥናት ያስታውሳሉ።

ጥያቄያቸው ከዚህ ይነሳል። ዛሬ እነዚያን 15 ጣውላ ላይ አስቀምጦ ለይቶ ለተማሪ የሚያሳይ መምህር ስንት ነው? ያንን የሚችል ሰው ሲመጣ የዲግሪውን ስም አይቶ መመለስ፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ ማወቅን ከበር መመለስ ነው። እኔ ከ15ቱ 9 ያህሉን እለያለሁ። ቀሪዎቹን ለመማር ፈቃዳቸውን ጠይቄያቸዋለሁ።

መልስ 14 ከሐሙሲት ነው። የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ሲሆን 12 ዓመት አስተምሯል። ሁለተኛ ዲግሪውን በክረምት ወደ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ እየመጣ በሦስት ክረምት ጨርሷል። ዩኒቨርሲቲ ለመወዳደር ሲመጣ ግን 12 ዓመቱ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የማስተማር ልምድ ተብሎ አልተያዘለትም። ማስታወቂያው ዜሮ ዓመት ይላልና ከትናንት ምሩቅ ጋር እኩል ቆመ። ፔዳ ስሙን ያገኘው ከመምህራን ማሠልጠኛነቱ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ (ከፖሊቴክኒኩ) ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት የመምህር ቤት ነበር። ያ ቤት ነባር መምህርን እንዴት አያውቀውም ይላል። ንዴት የለበትም። ያዘነ ሰው ጽሑፍ ነው። ለሱ የሚሆን መልስ የሰጠ ሰው አለመኖሩ ቆጭቶኛል።

መልስ 15 ከጀርመን የተጻፈ ነው። እዚያ ዶክትሬት እንደ ሥራ መደብ ይታወጃል፣ ተማሪው ግማሽ ወይም ሁለት ሦስተኛ ደመወዝ እየተከፈለው ይሠራል። ኤምባሲ በር ላይ ከመሰለፍ በፊት የፕሮፌሰሩን ሥራ አንብቦ፣ በአንድ ገጽ ምን እንደምንችል ጽፎ መላክ ይሻላል። በዳአድ (በጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት)ና መቀመጫው ጣሊያን በሆነው የሳይንስ አካዳሚ በትዊያስ የሚሰጡ የምርምር ዕድሎችንም ጠቆመ። ጠቃሚ ነበር። መጨረሻው ላይ ግን ባህር ዳር ቁጭ ብሎ ማስታወቂያ መጠበቅ ዕድሜ ማባከን ነው የሚል ጨመረ፤ መልስ 16 በዚያ ነደደ። ሁሉም ከሄደ ሐይቁን ማን ያጠናዋል፣ እንደገና የውጭ ሰው መጥቶ ይቁጠርልን ወይ የሚል ነው። በቃላት ተወራወሩ። መልስ 17 የመጀመሪያው መምህር ናቸው፤ ተምሮ የሚመለስንም እዚህ የሚቆይንም ሐይቁ ይፈልገዋል ብለው አበረዱት።

መልስ 18 ቴክኒሻኑ ነው። ድምፁ ከመጀመሪያው ለስልሷል። የሥራ መደቡ ለሦስተኛ ጊዜ ሊወጣ መሆኑን ሰምቷል። ቅዳሜ ወደ ግቢ ብመጣ አውቶክሌቩንና ማይክሮስኮፑን እንደሚያለማምደኝ ጻፈልኝ። ሄድኩ። ብልቃጡን ጉንጬ ላይ ሳስጠጋው አቃጠለኝ፤ እሱ ሌላ ሁለት ደቂቃ ጠብቂ አለ። ያፈሰስኳቸው 20 ሳህኖች ውስጥ 3ቱ አረፋ ያዙ።

በዚያው ሳምንት የተማርኩበት ትምህርት ክፍል ሄጄ ደብዳቤውን ጠየቅኩ። ኃላፊው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፈው ስለማያውቁ ሠንጠረዡን ራሴ ሠርቼ እንዳመጣ ነገሩኝ። ሌሊቱን ሠራሁት። በግራ የኔ 11 ኮርሶች፣ በቀኝ የባዮሎጂ አቻዎቻቸው። የዓሣ ባዮሎጂን ከእንስሳት ጥናት ጎን፣ የሐይቅ ጥናትን ከሥነ ምህዳር ጎን አደረግኩ። ለሁለቱ ኮርሶች አቻ አላገኘሁላቸውም፣ ቦታውን ባዶ ተውኩት። ሐሙስ ከሰዓት ማኅተም ተመታበት። ፎቶውን ስም ሸፍኜ እዚህ ለጥፌዋለሁ። ለቴክኒሻኑ መደብም ለምርምር ማዕከሉም ማመልከቻ የማስገባው ከዚሁ ጋር ነው።

መልስ 19 በማኅተሙ እንኳን ደስ አለሽ የሚል ነው። መልስ 20 ስድስተኛው ሰው ነው። ውጤቱ ተከፋፍሎ እንዲሰጠው ደብዳቤ ማስገባቱንና የመዝገብ ቁጥር መያዙን ብቻ ጻፈ። መልስ 21 የሐሙሲቱ መምህር ነው። ሠንጠረዡን በፎቶ ሳይሆን በወርድ እንድልክለት ጠይቋል። እሱ የሚያሰልፈው 12 ዓመት ያስተማራቸውን ምዕራፎች ነው። ዛሬ ማታ እልክለታለሁ።